ላሟ ስታገሳ የሚወጣውን ጋዝ የሚቀንስ የመኖ ተጨማሪ፤ ከእናንተ መካከል የሞከረ አለ?

የሱሉልታው አላቢ
ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁም። ያለሁት ሱሉልታ ነው። ስድስት ድቅል ላሞች አሉኝ። አራቱ ይታለባሉ፣ ሁለቱ ነጥፈዋል። ወተቱን በየጠዋቱ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርድ መኪና እልካለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በሞተር ግቢያችን ድረስ መጣ። ነጭ ዱቄት በአንድ ኪሎ ከረጢት ይዟል። «ይህን መኖው ላይ ነስንስበት። ላሟ የምታወጣው ጋዝ በግማሽ ይቀንሳል። ወተቷ ይጨምራል። ወደፊት ደግሞ ጋዝ በመቀነስህ የካርቦን ገንዘብ ይከፈልሃል» አለኝ። ነገሩን ቀደም ሲል በሬዲዮ ሰምቼው ስለነበር አመንኩት። አንድ ከረጢት ገዛሁ።

ለዳለችና ለቦራ ሰጠኋቸው። ቦራ ምንም አልሆነችም። ዳለች በሁለተኛው ቀን መኖዋን ትታ ቆመች። በቀን 11 ሊትር ትሰጥ የነበረችው ወደ 8 ወረደች። ወዲያው አቆምኩ። አሁን መብላት ጀምራለች፤ ወተቷ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

ነገሩን ግን እርግፍ አድርጌ መተው አልፈለግሁም። የአየሩ መለዋወጥ እኛን ነው የሚመታን። ጥቅምት ላይ ያጨድነውን ሣር ያላሰብነው ዝናብ ሲመታው ድርቆሹ ጠቁሮ ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ ጭድ ፍለጋ እንንከራተታለን። ላሞቼ ለዚህ ድርሻ ካላቸው መቀነስ እፈልጋለሁ። በእውነት የሚሠራ ነገር አለ? እኛ የምናገኘውስ የትኛውን ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

የቡራዩ ሐኪም
ሰኞ ማታ 3፡15

ወንድሜ፣ በማቆምህ ደግ አድርገሃል። ከረጢቱን ግን አትጣለው። ከልጆችም ከእንስሳትም አርቀህ ቆልፍበት። ላዩ ላይ ምን ተጽፏል? የንጥረ ነገሩ ስም፣ መጠኑ፣ አምራቹ፣ ለየትኛው እንስሳ እንደሆነ፣ የሚያበቃበት ቀን። እነዚህ ያልተጻፉበት ነገር ገንዳ ውስጥ አይገባም።

ሌላም ልጠይቅህ። ግቢህ ውስጥ ፈረስ አለ? ከላሞቹ ገንዳ ይበላል?

ያለ ምክንያት አይደለም የምጠይቅህ። ጋዝ ይቀንሳሉ ከሚባሉት አንዱ ሞኔንሲን ይባላል። ለዶሮም ለኮክሲዲያ፣ ማለትም ለአንጀት በሽታ፣ መከላከያ ይውላል። ከብት በልኩ ሲሰጠው ይችለዋል። ፈረስን ግን ከብት ከሚችለው አንድ አሥረኛ የሚሆነው ይገድለዋል። የሚመታው ልቡን ነው። ያንተ ዱቄት እሱ ነው እያልኩህ አይደለም። ስሙ ያልተጻፈ ነገር ምንም ሊሆን ይችላል ነው የምልህ። ደግሞም ሞኔንሲን የሚቀንሰው ሚቴን፣ ማለትም ላሟ የምታወጣው አየሩን የሚያሞቀው ጋዝ፣ ትንሽ ነው። ለብዙ ጊዜም አይዘልቅም።

ስለ ጋዙ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርህ። የላም ጨጓራ ትልቅ ጋን ማለት ነው። ጠላ በጋን ውስጥ እንደሚፈላ ሣሩም እዚያ ይብላላል። የሚያብላሉት በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው። ሲብላላ ሃይድሮጂንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። እዚያው የሚኖሩ ሌሎች ጥቃቅን ደግሞ ሁለቱን አገናኝተው ሚቴን ይሠራሉ። ይህ ለላሟ ማስተንፈሻዋ ነው። ሃይድሮጂኑ ከተጠራቀመ ማብላላቱ ራሱ ይታወካል። ስለዚህ ያንን መውጫ የሚዘጋ ነገር ስትጨምር መጠኑን የሚያውቅ ሰው ያስፈልግሃል።

ሰው ጋዙ ከኋላ የሚወጣ ይመስለዋል። አብዛኛው የሚወጣው በአፍ ነው፤ በግሳት። ማታ ስታመሰኳ አጠገቧ ቁጭ ብለህ አዳምጣት። ትሰማዋለህ።

የሱሉልታው አላቢ
ሰኞ ማታ 3፡50

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፈረስ ሲሉኝ ደነገጥኩ። የአባቴ የጋሪ ፈረስ አለ። ማታ ማታ ላሞቹ የተዉትን ጠራርጎ የሚበላው እሱ ነው። ዳለች የተወችውንም በልቷል። አሁን ሮጬ ሄጄ አየሁት። ቆሟል፣ ይበላል፣ ላብ የለውም። ከበላ አምስት ቀን ሆኖታል።

ከረጢቱ ላይ ያለው የላም ሥዕልና የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ስልኩን አይመልሱም።

የቡራዩ ሐኪም
ሰኞ ማታ 4፡05

አምስት ቀን ቆይቶ ደህና መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ቢሆንም ለሁለት ሳምንት ጋሪ አታስጎትተው። ልብ የተጎዳ ፈረስ ቆሞ ደህና ይመስላል፤ ሥራ ላይ ነው የሚወድቀው። ካላበው፣ ከተንገዳገደ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ሌሊትም ቢሆን የአካባቢህን ሐኪም ጥራ። ገንዳውን ጠርገህ እጠበው። ጥራጊውን ቅበረው እንጂ ለዶሮ አትድፋ።

የሰበታዋ እናት
ማክሰኞ ጠዋት 1፡20

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። ካለብኩ በኋላ ነው ያነበብኩት። ፈረሱን እግዜር ይጠብቀው።

እኔ ላም ማለብ ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። አራት ልጆች ያስተማርኩት በወተት ነው። ድሮ ከቤቴ ጀርባ ሜዳ ነበር፤ ላሞቹ ወጥተው ይግጡ ነበር። ዛሬ ዙሪያውን ቤትና ፋብሪካ ነው። ሁሉንም ገዝቼ ነው የማበላው። ጭዱንም፣ ፉርሽካውንም፣ ፋጉሎውንም። አተላ እንኳ ድሮ ጎረቤት በነጻ ይሰጠኝ ነበር፤ አሁን በጀሪካን ይሸጥልኛል።

ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተት ገዢ ያጣል። ላሟ ግን አትጾምም፣ ትበላለች። በዚያ ወቅት ፉርሽካ በዱቤ ነው የምወስደው። በዚህ ላይ ሌላ ዱቄት ግዙ ከተባልን ከፋዩ ማን ነው? ደግሞስ ዓለምን ያሞቀችው የእኛ ላም ናት? አልተቆጣሁም ልጆቼ፣ መልሱን ማወቅ ስለምፈልግ ነው።

የሆለታዋ ተማሪ
ማክሰኞ ቀን 7፡10

እማማ፣ ሁለቱም ጥያቄዎችዎ ተገቢ ናቸው። የእንስሳት አመጋገብ ነው የምማረው። የማውቀውን ልሞክር። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች በ2006 ባወጡት የሂሳብ መመሪያ አንዲት የሰሜን አሜሪካ የወተት ላም በዓመት 128 ኪሎ ሚቴን ታወጣለች። የአፍሪካዋ 46 ኪሎ። ስለዚህ በነፍስ ወከፍ የእኛዋ ጥፋተኛ አይደለችም።

ግን ያው ሰንጠረዥ የወተቱንም ይናገራል። የአሜሪካዋ በዓመት 8400 ኪሎ ወተት ትሰጣለች። የእኛዋ 475። ሁለቱን ሲያካፍሏቸው ለአንድ ኪሎ ወተት እዚያ ወደ 15 ግራም ሚቴን ይወጣል፣ እዚህ ወደ 97 ግራም። ስድስት እጥፍ ማለት ነው። እዚህ መድረክ ላይ ያላችሁት ድቅል ላም ያላችሁ ናችሁ፤ የእናንተ ከዚህ በጣም ይሻላል። የአገሩ አማካይ ግን ዝቅ ያለ ነው። የአበሻ ላም በቀን የምትሰጠው 1.5 ሊትር ገደማ ነው።

ለአገራችን ትንሽ ነገር አይደለም። መንግሥት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንደሚለው በ2010 ከወጣው 150 ሚሊዮን ቶን የሙቀት አማቂ ጋዝ ከ40 ከመቶ በላይ የመጣው ከከብት ነው። ፋብሪካችን ጥቂት፣ ከብታችን ብዙ ስለሆነ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሚቴን ጉልበት ያለው ጋዝ ነው። በባዮጋዝ ምድጃ የምናነደው እሱን ነው። ላሟ ከምትበላው መኖ ጉልበት ውስጥ 6 ከመቶ ገደማ በግሳት ሚቴን ሆኖ ይሄዳል። ጭድ ብቻ ስትበላ ከዚያም ይበልጣል። እማማ በዱቤ ካመጡት ላይ ነው የሚቀነሰው።

የሱሉልታው አላቢ
ማክሰኞ ቀን 8፡00

እህቴ፣ ይህን የመጨረሻውን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ከ100 ብር መኖ 6 ብሩ ንፋስ ሆኖ ይሄዳል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ነገሩ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ውጭ አገር የሚጠቀሙት ምን እንደሆነ በደንብ ንገሪን።

የሆለታዋ ተማሪ
ማክሰኞ ማታ 1፡30

ብዙ ናቸው፤ በደንብ የተጠኑት ግን ሁለት ናቸው።

አንዱ ቦቬር በሚል ስም የሚሸጠው ነው። የንጥረ ነገሩ ስም በአጭሩ 3-ኖፕ ይባላል። ሚቴን የሚሠሩት ጥቃቅን የሚገለገሉበትን የመጨረሻውን ኢንዛይም ያግዳል። ብራዚልና ቺሊ በ2021፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ፈቅደውታል። አሜሪካ በ2024 ግምገማውን ጨርሳለች። ለአንድ ላም በቀን የሚበቃት የሻይ ማንኪያ ሩብ ነው። በወተት ላሞች ላይ ሚቴኑን በ30 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ሁለተኛው አስፓራጎፕሲስ የሚባል ቀይ የባሕር አረም ነው። መጀመሪያ ያጠኑት አውስትራሊያውያን ናቸው። ካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የእኛው አካባቢ ሰው አለ፤ ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ክብረአብ፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን አስመራ የተማረ። የእሱ ቡድን በ2021 ባሳተመው ጥናት ለሥጋ የሚደልቡ ወይፈኖችን ለ21 ሳምንት ይህን አረም ቀላቅሎ አበላ። ሚቴኑ ከ80 ከመቶ በላይ ቀነሰ። ሳነበው በጣም ነበር ደስ ያለኝ። ግን የሚሠራው ንጥረ ነገር ብሮሞፎርም ነው፤ ሲበዛ የማይፈለግ ነገር ነው። የወተት ላሞች መጠኑ ሲበዛባቸው መኖ ቀንሰዋል፣ ወተትም ቀንሰዋል። እኛ ደግሞ ባሕር የለንም።

ቦቬርም ቢሆን እኛ ጋ ሲመጣ ሁለት ችግር አለበት። ጨጓራ ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል። ስለዚህ ላሟ በምትበላው በእያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ መኖር አለበት። ፈረንጆቹ ሣሩንም እህሉንም በማሽን አንድ ላይ ቀላቅለው ነው የሚሰጡት። እኛ ጠዋት ፉርሽካ፣ ቀን ጭድ፣ ማታ ድርቆሽ ነው። ሁለተኛ፣ መኖው ገለባ በበዛበት ቁጥር የመቀነስ አቅሙ ይደክማል። የእኛ መኖ ደግሞ በአብዛኛው ገለባ ነው።

ሰንዳፋ በኬ
ማክሰኞ ማታ 2፡10

እኔ ቲክቶክ ላይ ያየሁት ሌላ ነው። እንግሊዞች ይህ ቦቬር ያለበትን ወተት መጸዳጃ ውስጥ ሲደፉ አይቻለሁ። ካንሰር ያመጣል ይላሉ። የአንድ ባለ ሀብት ሴራ ነው የሚሉም አሉ። ልጆቻችን የሚጠጡት ወተት ነው። እኔ ወደ ግቢዬ አላስገባውም።

የሆለታዋ ተማሪ
ማክሰኞ ማታ 2፡45

ወንድሜ፣ ለልጆች መጠንቀቅህ ልክ ነው። የሆነውን ልንገርህ። በ2024 መጨረሻ አንድ ትልቅ የወተት ኅብረት እንግሊዝ ውስጥ በ30 እርሻዎች እንደሚሞክረው አስታወቀ። ከዚያ ነው ወተት የመድፋቱ ቪዲዮ የተነሳው። የእንግሊዝ የምግብ ደህንነት መሥሪያ ቤት ወተቱ ለመጠጥ ደህና ነው ብሎ አስታውቋል። ንጥረ ነገሩ ላሟ ሆድ ውስጥ ስለሚፈርስ ወደ ወተቱ አይሄድም። የሴራው ወሬም ባለ ሀብቱ ገንዘብ ያስገባው በሌላ ድርጅት ስለሆነ ከዚህ ምርት ጋር አይገናኝም። ዱቄቱን በእጁ የሚቀላቅለው ሠራተኛ ግን ጓንትና ጭምብል ያስፈልገዋል። ዓይንና ቆዳ ያሳክካል።

የላሞቹ ጤና ላይ ግን አሁንም የሚጠየቅ አለ። ዴንማርክ ከ2025 ጀምሮ ከ50 በላይ ላሞች ያሉት ገበሬ ይህን ወይም ተጨማሪ ስብ እንዲጠቀም በሕግ ደንግጋለች። በዚያው ዓመት አንዳንድ ገበሬዎች ላሞቻችን መኖ ተዉ፣ ታመሙ ብለው አቤት አሉ። ተመራማሪዎችም ነገሩን ማጣራት ጀመሩ። ስለዚህ ዝም ብለህ እመን አልልህም። በሚጠጣው ሰው ላይ የተባለውና በላሟ ላይ የሚጠየቀው ግን የተለያዩ ናቸው።

ሰንዳፋ በኬ
ማክሰኞ ማታ 3፡00

ገባኝ እህቴ። እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የለገጣፎው ዘይት ጨማቂ
ረቡዕ ጠዋት 3፡30

ተጨማሪ ስብ የሚለውን ሳይ ገባሁ። እኔ ኑግና ተልባ እጨምቃለሁ። የእኔ መጭመቂያ ትንሽ ናት። ፋጉሎው ውስጥ ዘይት ይቀርበታል፤ በእጅህ ስትጨብጠው ይለጥፋል። ደንበኞቼ ይህን ይወዱታል። ላሞቹ ያብረቀርቃሉ ይላሉ። አያቴ ደግሞ ሆዷ የተነፋ ላም የኑግ ዘይት ያጠጣ ነበር። ታዲያ ይህ ዘይት ሚቴን ይቀንሳል እያላችሁ ነው?

የቡራዩ ሐኪም
ረቡዕ ቀን 6፡20

አዎ፣ ይቀንሳል። እኔ ለማለት የፈለግኩት እሱን ነው፤ አንተ ቀደምከኝ። የአያትህም ሥራ ትክክል ነበር። ዘይቱ ጨጓራ ውስጥ ያለውን አረፋ ይሰብረዋል፣ ጋዙም መውጫ ያገኛል። የሚቴኑ ነገር ግን ሌላ ነው። ስብ እንደ ሣር ጨጓራ ውስጥ አይብላላም። ስለዚህ ሃይድሮጂን አያወጣም። ሚቴን የሚሠሩትንም ጥቃቅን ያዳክማል። በመኖው ውስጥ ስቡን በ1 ከመቶ ስትጨምር ሚቴኑ ከ3 እስከ 5 ከመቶ ይወርዳል። እንደ ባሕሩ አረም አይደለም። ግን እኛ ጋ ያለ ነገር ነው፤ ላሟንም ይመግባታል።

ልክ አለው። በቀን 12 ኪሎ ደረቅ መኖ የምትበላ ላም ጠቅላላ ስቧ ከ700 ግራም ባያልፍ ይመረጣል። ከደረቁ መኖ 6 ከመቶ መሆኑ ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው በሣሩና በፉርሽካው ውስጥ አስቀድሞ አለ። ሲበዛ ጭዱ ሳይፈጭ ይወጣል። እበቷን ተመልከቱ። ረጃጅም ገለባ ካያችሁበት ወይም ከቀጠነ ቀንሱ። ሁለት ኪሎ ዘይት ያለበት ፋጉሎ ለአብዛኛዋ ድቅል ላም ይበቃታል። ንጹሕ ዘይት ግን ገዝታችሁ አታፍስሱ። የሰው ምግብ ነው፣ ዋጋውም አይቻልም።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ሻጋታ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ በአዲስ አበባ ዙሪያ የተደረገ ጥናት አለ። 110 የወተት ናሙና ተመረመረ። በሁሉም አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ተገኘ። ከአራቱ አንዱ በሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ነበረው። ምንጩ በአብዛኛው የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ ለካንሰርም ያጋልጣል። ሚቴን ልንቀንስ ብለን ሻጋታ ያለው ፋጉሎ ብንጨምር ልጆቹን ነው የምንጎዳው። ዘይት ጨማቂው ወንድሜ፣ ፋጉሎህን የት ነው የምታስቀምጠው?

የለገጣፎው ዘይት ጨማቂ
ረቡዕ ማታ 1፡00

እውነቱን ልናገር። ሲሚንቶ ወለል ላይ ነበር የምከምረው። ክረምት ሲሆን ከታች ያለው ይረጥባል። እሱንም ከደረቁ ጋር ቀላቅዬ እሸጥ ነበር። ይህን ያህል መሆኑን አላውቅም ነበር። ዛሬ ከሰዓት ከጣውላ ርብራብ ሠርቼ ከወለሉ አነሳሁት። ከግድግዳውም አራቅሁት። የታችኛውን ሁለት ኩንታል ገደማ አልሸጠውም። ለላምም ለዶሮም አይሆንም ካሉኝ እቀብረዋለሁ።

የሰበታዋ እናት
ረቡዕ ማታ 1፡40

ተባረክ ልጄ። ሁለት ኩንታል ቀላል ገንዘብ አይደለም። እኔም ነገ የእኔን እከፍታለሁ። ጥግ ላይ የቆየ አንድ ማዳበሪያ አለ።

አያት ጫፍ
ረቡዕ ማታ 2፡30

ሰላም። እኔ ከብት የለኝም፣ አንባቢ ነኝ። ቅር አይበላችሁና ሁሉም ሰው የሚሸሸው መልስ ከብት መቀነስ አይደለም? ሰባ ሚሊዮን ከብት ይዘን ስለ ዱቄት ማውራት ጊዜ ማባከን ይመስለኛል።

የሰበታዋ እናት
ረቡዕ ማታ 3፡05

ልጄ፣ ቅር አላለኝም። የገበሬው ከብት ግን ወተት ብቻ አይደለም። በሬው ማረሻ ነው። እበቱ ማገዶና ማዳበሪያ ነው። ጊደሯ ባንኩ ናት፤ ሰው ሲታመም እሷ ትሸጣለች። ያንን የሚተካ ሳይኖር ቀንሱ ማለት ባዶ እጅህን ቅር ማለት ነው። ግን ግማሽ እውነት አለህ። እኔም የማታረግዝ ላም ለፍቅሯ ብዬ አራት ዓመት አስቀምጬ አውቃለሁ። ስትበላና ስታገሳ አራት ዓመት። የሸጥኳት ቀን አልቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ በእሷ መኖ ሌላዋ በቀን ሦስት ሊትር ጨመረች።

የሆለታዋ ተማሪ
ሐሙስ ጠዋት 4፡00

እማማ የተናገሩት በመጽሐፋችን ውስጥ ያለ ነው፤ እንዲህ ግን አልተጻፈም።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2017 ባወጣው ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ለአንድ ኪሎ ወተት በአማካይ ወደ 24.5 ኪሎ የሙቀት አማቂ ጋዝ ይወጣል፤ ሁሉም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተሰልቶ። የዓለም አማካይ 2.5 ገደማ ነው። ይህን ልዩነት የፈጠረው የዱቄት እጦት አይደለም። ላሟ ዘግይታ መውለዷ፣ በሁለት ወሊድ መካከል መራቋ፣ ጭድ ብቻ መብላቷ ነው። ጭዱ ራሱ ቢታከም ብዙ ለውጥ አለው።

የሱሉልታው፣ ዩሪያ ካገኘህ ይህን ሞክር። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ ትበጠብጣለህ። ጭዱን በፕላስቲክ በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ንብር በንብር እየረገጥክ ታርከፈክፍበታለህ። አየር እንዳይገባው አድርገህ ለ21 ቀን ትዘጋዋለህ። ስትከፍተው የአሞኒያ ሽታው ያስነጥሳል። የዕለቱን አውጥተህ አንድ ሌሊት አናፍሰው። በትንሽ በትንሹ አስለምዳቸው። ለጥጆች አትስጥ። ያልሟሟ ዩሪያ ወይም የዩሪያውን ውኃ ከብት ካገኘው ይሞታል፤ በርሜሉን ክዳን አድርግለት።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርህ። ላሟ የታከመ ጭድ አብዝታ ስለምትበላ በቀን የምታገሳው ሚቴን ላይቀንስ ይችላል። ትንሽ ሊጨምርም ይችላል። የሚቀንሰው በአንድ ሊትር ወተት ሲሰላ ነው።

ሰስባኒያና ትሪሉሰርን አጥር ላይ ብትተክልም ጥሩ ነው። ፕሮቲን ይሰጣሉ። እንዲህ ባሉ ዛፎች ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ደግሞ ሚቴን ይቀንሳል። ሲበዛ ላሟ ይመራታል፣ ስለዚህ ከመኖዋ ሲሶ አይለፍ።

ሰንዳፋ በኬ
ሐሙስ ቀን 9፡15

የካርቦኑ ገንዘብስ? ሰውዬው ለሱሉልታው ቃል የገባለት።

የሆለታዋ ተማሪ
ሐሙስ ቀን 10፡00

የሚከፍል ሰው ስንት ሚቴን እንደቀነሰ ማወቅ ይፈልጋል። ለማወቅ መለካት ያስፈልጋል። ላሟን ዝግ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ትንፋሿን መለካት፣ ወይም መኖ ስትበላ አፏ አጠገብ በሚተከል ማሽን። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም አዲስ አበባም ግቢ አለው፤ ከብት የሚለኩበት ዝግ ክፍል ግን ናይሮቢ ባለው ማዚንጊራ ማዕከል ነው። በሞተር የመጣ ሰው በየግቢው ሊለካ አይችልም። ስለዚህ የካርቦን ገንዘብ እየጠራ ዱቄት የሚሸጥን ማንንም አትመኑ። ብዙ አላቢዎች በማኅበር ሆነው፣ መዝገብ ይዘው ቢጀምሩ ግን አንድ ቀን የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣ የሚያሳዩት ይኖራቸዋል።

የሱሉልታው አላቢ
ከአንድ ወር በኋላ፣ እሑድ ማታ 1፡30

ሰላም ቤተሰቦች። ዝም ያልኩት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው።

ፈረሱ ደህና ነው። ሁለት ሳምንት አሳርፈነው ሐኪም አይቶት ወደ ሥራ ተመልሷል። አባቴ ጋሪው በቆመበት ጊዜ ሲቆጣኝ ነበር፤ ምክንያቱን ሳነብለት ዝም አለ። ከረጢቱን ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም አስረክቤያለሁ።

ጉድጓድ ቆፍሬ 200 ኪሎ ጭድ በዩሪያ አከምኩ። ዩሪያውን ማግኘት ከባድ ነበር። ጎረቤቴ ከማሳው የተረፈውን 10 ኪሎ ሸጠልኝ። በ21ኛው ቀን ስከፍተው ጭዱ ቢጫ ቡናማ ሆኗል፣ ለስልሷል። ዳለች መጀመሪያ አሽትታ ተወችው። በሦስተኛው ቀን ግን ገንዳውን ላሰችው። ፋጉሎ ከለገጣፎው ወንድማችን አስመጣሁ። ደረቅና ንጹሕ ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል። ለየአንዳንዳቸው በቀን ሁለት ኪሎ። እበታቸውን በየጠዋቱ አያለሁ። አጥሩ ላይም ሰስባኒያ ዘራሁ።

ደብተር ገዛሁ። የየላሟን መኖና ወተት በየቀኑ እጽፋለሁ። ዳለች 11.5 ሊትር ደርሳለች። ቦራ ከ9 ወደ 10። ገና አሥር ቀን ስለሆነ ብዙ አልልም። ሚቴኑን መለካት አልችልም። ግን ማታ ማታ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሲያገሱ እሰማለሁ። ድሮ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ከነጠፉት አንዷን ሸጥኩ። ሦስት ጊዜ አስዳቅያት አልያዘላትም። እማማ፣ እንደርስዎ አላለቀስኩም፤ ልጄ ግን አልቅሳለች።

የሰበታዋ እናት
እሑድ ማታ 2፡00

አይዞህ ልጄ። ልጅህ ጥጃ ስታገኝ ይረሳታል። የሰስባኒያ ዘር ከየት አገኘህ? እኔ ጠይቄ አጣሁ።

የሱሉልታው አላቢ
እሑድ ማታ 2፡10

ከሆለታ መንገድ ላይ ካለ ችግኝ ጣቢያ ነው። ለእርስዎ የሚሆን አስቀርቻለሁ። ቅዳሜ ፋጉሎ ላመጣ ስወርድ በሰበታ በኩል ዞሬ አደርስልዎታለሁ። ከመዝራትዎ በፊት ዘሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ አንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ እኔ ሳላሳድረው የዘራሁት ግማሹ አልበቀለም።